ከክፍል ውጭ ያለው ወጪ
ስካውት፣ የትምህርት ቤት ክበብና የሉማሜ ወላጅ ኪስ

በጳጉሜና በመስከረም በጎጃሟ የሉማሜ ከተማ ገበያ ከሚወጣው በግና ዶሮ ብዙው ለእንቁጣጣሽ የሚታረድ ነው። ከመካከሉ ግን ለደብተር፣ ለዩኒፎርምና ለጫማ የሚሸጥም አለ። የአካባቢው የአዋበል ወረዳ ገበሬ ሰኔ ላይ ለማዳበሪያ ከፍሏል፤ ክረምቱን ከጎተራው እየቀነሰ ከርሟል፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው እጁ ባዶ በሆነበት በዚሁ ሰሞን ነው። እንደምንም ብሎ መዋጮውን ከፍሎ፣ ደብተሩን ገዝቶ እፎይ ሲል ልጁ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «አባ፣ ክበብ ልገባ ነው፤ ቲሸርት ግዙ ተብለናል።»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ የመጨረሻ ጥያቄ ነው። ልጆች ከክፍል ውጭ ተሰባስበው የሚማሩበት ማኅበር፣ ስካውት ይሁን የቀይ መስቀል ክበብ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? የማይችለው ቤተሰብ ልጅስ የት ይቀራል?

አንድ ፓውንድና ሦስት ሽልንግ ተኩል

የስካውት ታሪክ ሲነገር መነሻው እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 በብራውንሲ ደሴት የተከለው ድንኳን ነው። ሃያ ያህል ልጆች ሰበሰበ፤ ግማሾቹ እንደ ኢተንና ሃሮው ባሉ የባለጸጋ ልጆች ትምህርት ቤቶች የሚማሩ፣ ግማሾቹ በአቅራቢያው ካሉ ከተሞች የመጡ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በአንድ ድንኳን አብረው አደሩ፣ አንድ ምግብ በሉ። ክፍያቸው ግን ለየቅል ነበር። የባለጸጋው ልጅ አንድ ፓውንድ ሲከፍል የሠራተኛው ልጅ የከፈለው ሦስት ሽልንግ ከስድስት ፔኒ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ ሃያ ሽልንግ ስለሆነ የድሃው ድርሻ ከሀብታሙ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

ንቅናቄው ሲወለድ የክፍያ ጥያቄ አብሮ ተወልዶ ነበር ማለት ነው። የተሰጠው መልስም እንደ አቅም መክፈል ነበር። በስካውት ሕግ ውስጥ ስካውት የመደብ ልዩነት ሳያደርግ የሁሉ ወዳጅ እንዲሆንና ቆጣቢ እንዲሆን የሚያዝዙ አንቀጾች ገብተዋል። የደንብ ልብሱም የባለጸጋውና የድሃው ልጅ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው እንዳይታይ ታስቦ የተሰፋ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ በብዙ አገር ተቀይሯል። በአሜሪካ ስካውት ማኅበር የአንድ ልጅ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2020 መግቢያ ላይ ከ33 ዶላር ወደ 60 ዶላር ዘለለ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። የደንብ ልብሱ፣ የሰፈሩ ቡድን መዋጮና የክረምት ካምፑ ደግሞ ከአባልነቱ ክፍያ ውጭ ነው። ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ልጃቸውን ለማስመዝገብ ሲያስቡ የሚጋፈጡት ይህንኑ ሒሳብ ነው። ልዩነትን ለመሸፈን የተሰፋው ልብስ የመግቢያ ዋጋ ሆኖ ያረፈበት ጊዜ ላይ ነን።

በትምህርት ቤት በር የገባው ስካውት

ወደ እኛ አገር ስካውት የገባው በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። በጣሊያን ወረራ ተቋረጠ፣ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተደራጀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የበላይ ጠባቂው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ስካውት ድርጅት አባል ሆነች። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ራሱ ለጥቂቶች ብቻ የተከፈተ ስለነበር ስካውትም የጥቂቶች ነበር። የባላገሩ ልጅ ወጪው ከበደኝ ሊል ቀርቶ መኖሩንም አልሰማም።

ደርግ ስካውትን አፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1980 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሲቋቋም የወጣቱ መሰባሰቢያ በቀበሌ ሥር ገባ። የዚያን ጊዜ ክፍያ በብር ብቻ የሚቆጠር አልነበረም፤ ወጣቱ በዘመቻና በግዳጅ ከፍሏል። ከደርግ ውድቀት በኋላ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር እንደገና ተቋቁሞ ወደ ዓለም አቀፉ ድርጅት ተመልሷል፤ ነገር ግን እንደ ሉማሜ ባለ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ባለ የወረዳ ከተማ ስሙ እምብዛም አይነሣም።

የሉማሜ ልጅ ያለው የትምህርት ቤት ክበብ ነው፦ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሴት ተማሪዎች፣ ሚኒ ሚዲያ፣ ስፖርት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በወረራው ዋዜማ ከተመሠረተ ጀምሮ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርትን ለብዙ ወጣቶች አድርሷል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም መዝሙርና ሥነ ምግባር ያስተምራሉ። ስካውት በሌላው ዓለም የሚሠራውን ሥራ፣ ቁስል ማሰር፣ ዛፍ መትከል፣ በሰው ፊት መናገር፣ ጓደኛን መምራት፣ እዚህ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ወጪያቸው የማንም ጉዳይ አይደለም ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ሒሳቡ ሲዘረዘር

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንግሥት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንደሚያስተምር ደንግጎ ነበር። እውነትም ልጁ ሲመዘገብ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ከክፍሉ ውጭ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ሦስት ዓይነት ወጪ አለው።

አንደኛው የሚታየው ወጪ ነው። የክበቡ ቲሸርት፣ ለወላጆች ቀን የሚለበሰው ልብስ፣ ለስፖርቱ ሸራ ጫማ። ሌላው ልጅ ሸራ ጫማ ባደረገበት ሰልፍ ላይ በኮንጎ ጫማ መቆም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ብዙ ልጅ ወላጁን ከማስቸገር «እኔ ክበብ አልወድም» ማለት ይቀለዋል። መምህሩም ፍላጎት የለውም ብሎ ስሙን ይዘለዋል።

ሁለተኛው የመንገድ ወጪ ነው። ለውድድር ወይም ለጉብኝት ደብረ ማርቆስ መሄድ ካለ የሚኒባስ ሒሳብ አለ፤ ስንቅም አለ። እናት በዋዜማው ሌሊት ስትጋግር ታድራለች። በጓደኛ ፊት የሚከፈት ስንቅ ቤት ውስጥ እንደሚበላው አይሆንላትም፤ የዘወትሩን እንጀራ ትታ የስንዴ ዳቦ ትደፋለች፣ በሶውን ትበጠብጣለች፣ ካላትም እንቁላል ትቀቅላለች። ሊሸጥ የታሰበው እንቁላል፣ ለዘር የተቀመጠው ስንዴ በዚያ ስንቅ ውስጥ ገብቷል። ይህን በማንም ደረሰኝ ላይ አታገኙትም።

ሦስተኛውና ከባዱ የጉልበት ወጪ ነው። የክበብ ሰዓት ከትምህርት በኋላ ወይም ቅዳሜ ነው። ገበሬው ለሰንበትና ለበዓላት ሞፈርና ቀንበሩን ይሰቅላል፤ ከብት ግን በዓል አያውቅም፤ ሁሌም እረኛ ይፈልጋል። ልጁ ቅዳሜ ክበብ ከዋለ ተራውን ታናሹ ይወጣለታል፣ ታናሽ ከሌለው አባቱ ይወጣል፣ አለዚያ ለጎረቤት ብድር ይሆናል። ለሴት ልጅ ይብሳል። ውኃው፣ እንጨቱ፣ የታናናሾቹ ጥበቃ እሷ ላይ ነው፤ አምሽቶ መመለስም ሆነ ሌላ ከተማ ማደር ለወላጅ ጭንቀት ነው። በሴት ተማሪዎች ክበብ ውስጥ የከተማው ልጆች በርክተው የገጠሮቹ ሲያንሱ ምክንያቱን መፈለግ ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ሁሉን አናግቶታል። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው የተባሉት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ትምህርት ቤት ራሱ ሲዘጋ ስለ ክበብ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የማየው በተቃራኒው ነው። ከፍርሃትና ከመፈናቀል የተመለሰ ልጅ ከፊደሉ እኩል ጓደኛና የሚሰባሰብበት ቦታ ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ክበቡ አብሮ ይከፈት፤ ሲከፈት ግን በድሃው ቤተሰብ አቅም ይሁን።

ጎጃም ያውቀው የነበረ መንገድ

ድሃ ልጅን ያለ ወላጅ ገንዘብ ማስተማር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የጎጃም የቅኔና የአብነት ጉባኤ ቤቶች፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ለዘመናት ተማሪ ሲያፈሩ የኖሩት ከወላጅ ክፍያ ተቀብለው አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ይቆማል፤ መንደሩ ይመግበዋል። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ራሱ ይሠራል። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ መንገድ አልፈው ነው በኋላ አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የገቡት፤ ለትምህርት ሚኒስትርነትም በቅተዋል።

ያ ሕይወት ምቹ ነበር የሚል የለም። ረሃቡ፣ ውሻው፣ እከኩና ብርዱ ብዙውን ልጅ ጎድቷል፤ ሴት ልጅም በአብዛኛው አልገባችበትም። ይመለስ ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ትልቅ ነገር አስተካክሎ ነበር፦ ሒሳቡ የወደቀው በማኅበረሰቡ ላይ እንጂ በአንድ አባት ላይ አልነበረም። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ደበሎ ለብሶ ለመለመን ይወጣ ነበር።

ልጆቹ ራሳቸው የሚያቋቁሙት ማኅበርም እንዲሁ ነው። ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮኸውና በየቤቱ የሚጨፍረው የወንዶቹ ቡድን፣ ለእንቁጣጣሽ አደይ ይዞ የሚዞረው የሴቶቹ ቡድን መግቢያ አይጠይቅም። ዱላ ከዛፍ ይቆረጣል፣ አበባው ከሜዳ ይለቀማል፣ ሙልሙሉ ከየቤቱ ይሰጣል፣ የተገኘውንም ይካፈሉታል።

ምን ይደረግ?

አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎቿ የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ማደል ጀመረች፤ ምገባውም ተከተለ። የከተማው በጀት ከአዋበል ወረዳ በጀት ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በሉማሜም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ዛሬውኑ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

መዋጮው ወሩን ይቀይር። የክበብ ወጪ የግድ ከሆነ በመስከረም ከሚጠየቅ እህል ተወቅቶ ገበሬው እጅ ገንዘብ በሚገባበት በጥር ወይም በየካቲት ይጠየቅ።

ልብሱ የትምህርት ቤቱ ይሁን። በየዓመቱ እያንዳንዱ ልጅ ቲሸርት ከሚገዛ፣ በከተማው ልብስ ሰፊ አንድ ጊዜ የተሰፋ ሻሽ ወይም ሰደርያ በንብረት ክፍል ተቀምጦ ለዝግጅት እየወጣ ይመለስ። በየአጥቢያው የመዘምራን አልባሳት በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ተቀምጠው እየወጡ የሚለበሱበት ልማድ አለ፤ ትምህርት ቤቱም ይህን ማድረግ አያቅተውም።

ከውስጥ ገቢው ይታሰብለት። የገጠር ትምህርት ቤቶች ከግቢያቸው ሣርና ባሕር ዛፍ ሽያጭ፣ ከማሳቸውም ምርት ገቢ ያገኛሉ። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት በጀቱን ሲያጸድቅ ለክበባት መንገድና ስንቅ አንድ መስመር ይያዝላቸው። ሣሩን ያጨዱት፣ ችግኙን የተከሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸውና ይገባቸዋል።

ሰዓቱ ከእረኝነት ጋር ይስማማ። በአንዳንድ ሳምንት ክበቡ በትምህርት ቀን መካከል አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው የገጠሩ ልጅ ቅዳሜውን ለቤቱ ያውላል።

የሚረዳም ሰው በስውር ይርዳ። ከሉማሜ ወጥታችሁ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የምትኖሩ፣ ልጅ መርጣችሁ ፎቶ ከማንሣት ለክበቡ በጅምላ ስጡ። የማን ቤት እንደተቸገረ እድሩ ያውቃል፤ የማይችለውን ሰው በአደባባይ ሳይጠሩ መዋጮውን መተው የእድር የቆየ ጨዋነት ነው። ለልጆችም ይኸው ጨዋነት ይድረሳቸው።

ባደን ፓወል እንደ አቅም ያስከፈለው ለሃያ ልጆች ነበር። የጎጃም መንደር ግን ስሙን የማያውቀውን ተማሪ በነጻ መግቧል። ሁለቱም የሚነግሩን ከልጅ ፊት የገንዘብን ጥያቄ ማስወገድ የሚቻለው በአዋቂዎች ውሳኔ መሆኑን ነው። በመጪው ዓመት ክበብ የምታቋቁሙ ርዕሳነ መምህራንና መምህራን፣ የወላጅ ኅብረት አባላትም፣ የተመዘገቡትን ስትቆጥሩ የቀሩትንም ቁጠሩ። የቀሩበትን ምክንያት ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ምክንያቱ ገንዘብ ከሆነ ክፍያውን ሰርዙና ልጁን አስገቡ።