የ1991ዱ ወርልድ ሲሪስ

ወርልድ ሲሪስ የአሜሪካ ቤዝቦል የዓመቱ ማሳረጊያ ውድድር ሲሆን፣ የአሜሪካን ሊግና የናሽናል ሊግ አሸናፊዎች ተገናኝተው ከሁለቱ አንዱ አራት ጨዋታ እስኪያሸንፍ ድረስ፣ ቢበዛ ሰባት ጊዜ፣ የሚጋጠሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ከተጀመረ ወዲህ በርካታ የማይረሱ ፍልሚያዎችን ቢያስተናግድም፣ በ1991 በሚኒሶታ ትዊንስና በአትላንታ ብሬቭስ መካከል የተካሄደውን የሚስተካከል ማግኘት ይከብዳል። ከአንድ ዓመት በፊት ሁለቱም ክለቦች በየምድባቸው የመጨረሻውን ደረጃ ይዘው ያጠናቀቁ ስለነበሩ፣ ለዋንጫ ይደርሳሉ ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። በሜዳ ላይ የታየው አቻነታቸውም ከሰባቱ ጨዋታዎች አምስቱ በአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ እንዲጠናቀቁ አድርጓል።

የቤዝቦል ጨዋታ ኢኒንግ በሚባሉ ዘጠኝ ዙሮች የሚከፈል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ቡድኖቹ ተራ በተራ የመምታት ዕድል ያገኛሉ፤ የሚመታው ቡድን ሦስት ተጫዋቾች ለዚያ ተራ ከጨዋታ ሲወጡበት ተራውን ለተጋጣሚው ይለቃል። ፒቸር የተባለው ወርዋሪ የሚልካትን ኳስ የመታ ተጫዋች ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች በሩጫ አዳርሶ ወደ መነሻው ሲመለስ አንድ ነጥብ ይመዘገባል፤ ኳሷን ከሜዳው አጥር ባሻገር ካሳለፋት ደግሞ ሆም ራን ይባላል። ዘጠኙ ኢኒንግ በእኩል ነጥብ ካለቀ አንዱ እስኪበልጥ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል፤ በዚህ ውድድር ሦስት ጨዋታዎች እንዲህ ባለ ጭማሪ ተወስነዋል።

አትላንታ ሦስት ለሁለት እየመራ ወደ ሚኒያፖሊስ በተመለሰበት ስድስተኛው ጨዋታ፣ የትዊንሱ ከርቢ ፓኬት በሦስተኛው ኢኒንግ አጥሩ ላይ ዘልሎ የጠለፋት ኳስ ተጋጣሚውን ነጥብ አሳጣችው፤ በ11ኛው ኢኒንግ ደግሞ በቻርሊ ላይብራንት ላይ የመታው ሆም ራን ጨዋታውን 4 ለ 3 አጠናቅቆ ሰባተኛውን ግጥሚያ አስገኘ።

የውድድሩ ልዕልና ጎልቶ የወጣው ግን በሰባተኛው ጨዋታ ነው። ለትዊንስ የወረወረው የ36 ዓመቱ ጃክ ሞሪስ ሲሆን፣ የአትላንታው የ24 ዓመት ወጣት ጆን ስሞልትዝ ሚሺጋን ውስጥ ሲያድግ ሞሪስ የዚያው ግዛት ክለብ የዲትሮይት ታይገርስ ዋና ወርዋሪ ነበር። በስምንተኛው ኢኒንግ ቴሪ ፔንድልተን ኳሷን አርቆ ሲመታ፣ ከአንደኛው ቤዝ የተነሳው ሎኒ ስሚዝ የትዊንስ ተከላካዮች ኳሷን የያዙ መስለው ስላሳሳቱት ለአፍታ ቆመ፤ በዚህም ነጥብ ማስቆጠር ሲችል ሦስተኛው ቤዝ ላይ ተገታ። ቀጥሎ ሦስቱንም ቤዞች የሞላው አትላንታ፣ ሞሪስና ጓዶቹ በአንድ ምት ሁለት ተጫዋቾች ስላስወጡበት አንድም ነጥብ ሳያገኝ ቀረ። ትዊንስም በራሱ ተራ ተመሳሳይ ዕድል አምልጦታል። ነጥብ የሌለበት ጨዋታ አሰልቺ ነው ለሚል ሰው ከዚህ ስምንተኛ ኢኒንግ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ አንድ እርምጃ መዘግየት የዓመቱን ልፋት ሁሉ ሊወስን ይችል ነበርና።

ሞሪስ ዘጠኙን ኢኒንግ ያለ ምንም ነጥብ ከጨረሰ በኋላ በ10ኛውም ወረወረ። በዚያው ኢኒንግ ዳን ግላደን ሁለተኛው ቤዝ ደርሶ፣ በቡድን ጓደኛው ምት ወደ ሦስተኛው ተሻገረ፤ ተቀይሮ የገባው ጂን ላርኪን ኳሷን ወደ ፊት ተጠግተው በቆሙት ተከላካዮች አናት ላይ ሲያሳልፋት ግላደን እየዘለለ ገባና ትዊንስ 1 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ሞሪስ በ2018፣ ተጋጣሚው ስሞልትዝ ደግሞ ከእርሱ ቀደም ብሎ በ2015፣ ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል የክብር መዝገብ ስማቸው ሰፍሯል።