ሁለት ጥቅል ጎደለ

የአባቴ ሹራብ ግራ እጅጌ ክርኑ ጋ ሲደርስ ክሩ አለቀ። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ገና አላባራም፤ አባቴም ብርዱ በጠና ቁጥር እየደወለ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይለኛል። ያ ነገር ከግንቦት ጀምሮ የያዝኩለት ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ነው። ስጀምር 50 ግራም የሚመዝኑ አሥር ጥቅሎች ገዝቼ ነበር፤ ግማሽ ኪሎ መሆኑ ነው። ይበቃል ብዬ ነበር። አልበቃም።

ሹራብ የማይሠራ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሄደሽ ጨምረሽ አትገዢም?» ይላል። ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ነው። ነገሩ እንደዚያ ቀላል ቢሆን ጽሑፌም እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

በእያንዳንዱ ጥቅል ክር ወገብ ላይ የወረቀት መቀነት አለ። መቀነቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ታትመዋል። አንዱ የቀለሙ መለያ ነው፤ ይህን ሁሉም ያየዋል። ሌላው በትንሹ የተጻፈው ደግሞ ክሩ በስንተኛው ዙር እንደተነከረ የሚናገር ነው። ፋብሪካው ዛሬ የነከረውና የዛሬ ወር የሚነክረው አንድ ስም ይዘው ይወጣሉ እንጂ አንድ አይደሉም። እንጀራ ለሚጋግር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፦ ጤፉ ያው፣ ምጣዱ ያው፣ እጁ ያው፣ የማክሰኞው እንጀራ ግን የቅዳሜውን አይመስልም። ከተለያየ ዙር የወጡ ሁለት ጥቅሎች በሱቅ አምፖል ሥር መንታ ናቸው። ሹራቡ ተሠርቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ እጅጌው መሐል ላይ ድንበር ያበጃሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ጥቅል መቀነት እንደ ሎተሪ ቲኬት ቦርሳዬ ውስጥ ሸጉጬ፣ ያላለቀውን ሹራብ በፌስታል ጠቅልዬ ወደ መርካቶ ተሳፈርኩ።

ታክሲ ውስጥ የሰው ፊት አላይም። የማየው የለበሰውን ነው። ሹራብ የለበሰ ሰው ፊት ለፊቴ ከተቀመጠ ዓይኔ ትከሻውና ብብቱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ማን እንደሠራው ባላውቅም እንዴት እንደሠራው ሳላውቅ አልወርድም። አንድ ጊዜ ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ የአንዲትን ሴት ጀርባ ስቆጥር ሄድኩ። ዘወር ብላ «እህት፣ ችግር አለ?» አለችኝ። «ጉንጉኑ በስድስት መስመር ነው በስምንት የሚዞረው? እሱን ልቆጥር ብዬ ነው» አልኳት። አንድ ሰው እንደወረደ ቦታ ቀየረች።

ቤት ውስጥም ከዚህ የተሻልኩ አይደለሁም። ስቆጥር መልስ አልሰጥም። ስልክ አንስቼ «ሃሎ» ማለት ሲገባኝ «መቶ አርባ ሁለት» ያልኩበት ቀን አለ፤ የደወለው ደግሞ የቢሮ አለቃዬ ነበር። ልጄ ይህን ድክመቴን ስለሚያውቅ ሲያኮርፈኝ አጠገቤ መጥቶ «ሰባ ሦስት! አሥራ ዘጠኝ! ሠላሳ!» ብሎ ጮኾ ይሮጣል። ቡና ሲፈላ ጊዜውን የምለካው በመስመር ነው፦ ከአቦል እስከ ቶና ስድስት መስመር፣ ከቶና እስከ በረካ አራት፤ ወደ በረካው ወሬው ስለሚደምቅ እጅ ይዘገያል። ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ ሰው ሽቶና ጫማ ያዛል፣ እኔ ክር አዛለሁ። ኦስሎ የምትኖረው እህቴ መጀመሪያ ጊዜ «ከፈረንጅ አገር ክር ተሸክማ መጣች ልታስብዪኝ ነው?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አሁን ሳልጠይቃት ታመጣለች። አልጋችን ሥር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ክር አለ። ባለቤቴ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

አውቶብስ ተራ ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። አጠገቤ የአርሴናል ማሊያ የለበሰ ወጣት ስልኩን እየነካካ ነው። ጣሊያኖች «ማሊያ» የሚሉት መርፌ ላይ የሚያዘውን እያንዳንዱን ቀለበት ነው፤ በቀለበት የተሠራውን ልብስም እንደዚያው ይጠሩታል። ልጁ የእኔን ሙያ ስም ደረቱ ላይ ለብሶ ስለ ጎል ያስባል። «ሹራብ» ራሱ በግብጽና በሱዳን ሰው አፍ ካልሲ ማለት ነው። እስካሁን ከተገኙት በሹራብ መርፌ የተሠሩ ልብሶች መካከል ጥንታዊ የሚባሉትም ከዚያው ከግብጽ የወጡ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ይገመታል። የእኛ «ካልሲ» ደግሞ ከጣሊያን መጣ። «ዳንቴል» ፈረንሳይኛ ነው፤ ዳር ዳሩ ጥርስ ጥርስ ስለሚመስል ከጥርስ የወጣ ስም ነው። «ኪሮሽ»ም ፈረንሳይኛ፣ ትንሽ መንጠቆ። ቀለበት የሚባል ነገር ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ስም አለው።

ክሩ ጋ ስንደርስ ግን ቋንቋው የአያቴ ነው። ባዘቶ፣ እንዝርት፣ ፈትል፣ ልቃቂት፣ ውል። ሸማኔ በመቶ የሚቆጠር ድር ወጥሮ ማግ ያስገባበታል፤ እኛ ያለችን አንዲት ክር ናት፤ ራሷን በራሷ እየሳበች ልብስ ትሆናለች። ነገር የተወሳሰበበት ሰው ሁሉ «ውሉ ጠፋ» ይላል። የእውነት ልቃቂት ይዞ የክሩን ጫፍ ሲፈልግ ያመሸ ሰው ግን አባባሉን እንደ ዋዛ አይጠቀምበትም።

እናቴ የዳንቴል ትውልድ ናት። በልጅነታችን ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ነበረው፣ ሬዲዮው ነበረው፣ የሶፋው ጀርባና ክንዶች ነበራቸው፣ የቤት ስልኩ ሳይቀር ለብሶ ነው የሚጮኸው። እቤታችን ራቁቱን የኖረ ዕቃ ቢኖር ምጣዱ ብቻ ነው። ክሯ ዲ ኤም ሲ ነው፤ ሌላ አትነካም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሙሉዝ ከተማ የተቋቋመ መሆኑን ስነግራት «ለዚህ ነዋ የማይበጠሰው» አለች። ረጃጅሞቹን የሹራብ መርፌዎች ግን አንድ ቀን ይዛ አታውቅም። እሷ ዕቃ ታለብሳለች፣ እኔ ሰው አለብሳለሁ፤ ሥራ የተከፋፈልን ይመስል።

ከታክሲ ወርጄ የሰልባጅ ክምሩ አጠገብ ሳልቆም ማለፍ አልቻልኩም። ሌላው ሰው ቀለምና ልክ ሲመርጥ እኔ ሹራቡን ገልብጬ የጎን ስፌቱን አያለሁ። ጨርቁ ተቆርጦ ጠርዙ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ አይረባም፤ ሲተረተር በስንዝር በስንዝር የተቆራረጠ ክር ነው የሚወጣው። ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ ቀለበት ከቀለበት የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ጫፉን አግኝቶ መሳብ ብቻ ነው። የተተረተረ ክር ሹሩባው ገና እንደተፈታ ፀጉር ተጠቅልሎ ይወጣል፤ አጥቦ፣ ከሥሩ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አስሮ መስቀል ነው መድኃኒቱ። ያን ዕለት ግን ምንም አልተገኘም። ጥሩ ነው፤ ማዳበሪያው ሦስት ሊሆን ነበር።

ድር ተራ አካባቢ የምሄድበት ሱቅ ስፋቱ ከአንድ አልጋ አይበልጥም። ከወለል እስከ ጣሪያ ክር ነው፤ በላስቲክ የታሸገ፣ የተከፈተ፣ በገመድ የተንጠለጠለ። መሐል ላይ ባለሱቁ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሹራብ አይሠሩም፤ ክር ግን በጣታቸው ያነባሉ። ከእኔ በፊት አንዲት ወጣት ለአራስ የእህቷ ልጅ ኮፍያ ልትሠራ ነጭ ክር መርጣ «ጋሼ፣ ይሄ የእውነት ሱፍ ነው?» እያለች ነበር።

ጋሼ መልስ አልሰጧትም። ከጥቅሉ የጣት ያህል ክር ቆርጠው በወረንጦ ያዙና ክብሪት ጫሩ። ክሩ ነበልባሉን ሳይነካው ገና ከሙቀቱ ሸሸ፣ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ፍሬ ሠርቶ ቀረ። ፍሬውን በጥፍራቸው መቱት፤ ጠጠር ሆኗል። ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ጥቅል አውርደው እንደዚያው አደረጉ። ይሄኛው ቶሎ አልያዘም፤ እሳቱ ሲርቅለትም ጠፋ፤ ሱቁ ፀጉር ፀጉር ሸተተ፤ አመዱን ሲነኩት ተፈረፈረ።

«ይሄ በግ ነው» አሉ። ወደ ጠጠሩ እያሳዩ ደግሞ «ይሄ ነዳጅ ነው።»

ቀልድ አይደለም፤ አክሪሊክ የሚባለው ክር ሥሩ ነዳጅ ዘይት ነው። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ነዳጁን ገዛች። አልፈረድኩባትም። የሕፃን ኮፍያ በቀን ሁለቴ ይታጠባል፣ ሱፍ በሙቅ ውሃ ቢታሽ ይኮማተራል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። የሚያስቆጨኝ ነገር ቢኖር መንዝን ያህል አገር እያለን፣ እረኛው በጉን እየጠበቀ ሱፍ የሚፈትልበት፣ ባናም ዝተትም የሚሠራበት ደጋ እያለን፣ በዚህ ሱቅ ያለው የበግ ክር ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ሸካራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለአንገት አይሆንም ይሆናል። ለአባቴ ግን ይሆነው ነበር። የመጣበት አገር ነው።

ተራዬ ሲደርስ መቀነቱን አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አወጡ፤ ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

«ቀለሙ አለ። ዙሩ ግን የለም፣ እህቴ። ያ በሰኔ አለቀ።»

ሌላ ሱቅ ልሞክር እንዳልል፣ አካባቢውን ባለፈው ሳምንት ጨርሼዋለሁ። ዝም ብዬ ስቆም፣ ክር ሊገዙ መጥተው ጥግ ላይ ዝናቡን ተጠልለው የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ያጣፉ እናት «እስኪ ሥራውን አሳዪኝ፣ ልጄ» አሉ። ፌስታሉን ፈታሁ። ሹራቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በእጃቸው ለኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ለኩት።

«ለማን ነው?»

«ለአባቴ፣ እማማ።»

«ለአባትሽና ለማን?»

እዚህ ላይ ኃጢአቴን መናዘዝ አለብኝ። ሹራብ ከመጀመሩ በፊት የመዳፍ ያህል ቁራጭ ተሠርቶ በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ ሠሪ የለም፤ ይህን ያልዘለለ ሠሪም የለም። እኔ 22 ነው ብዬ አሰብኩ፣ ለ110 ሳንቲ ሜትር ደረት 242 ቀለበት ጀመርኩ። እጄ ግን ላላ ብሎ ኖሮ 20 ብቻ ነው የወጣው። ሁለት ቀለበት ምን ያመጣል? 242 ቀለበት በዚያ ስሌት 121 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ማለት ነው። የጎደሉኝ ሁለት ጥቅሎች የትም አልሄዱም፤ የአባቴ ሆድ ላይ ናቸው።

«ይተርተር እንዴ?» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆነ።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳም። አለቀ ያልኩትን ቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ እንድተረትር፣ የወጣውንም ክር ለሁለት እንድከፍል፣ ከዚያ በሁለቱም እጅጌ ላይ ሁለት መስመር ከአሮጌው፣ ሁለት መስመር ከአዲሱ እያፈራረቅሁ እንድወርድ። «ድንበሩ እንዳይታይ ድንበሩን አብዢው» አሉኝ። አንገቱን በአዲሱ ብቻ፤ አንገት ብቻውን ስለሚቆም አያሳብቅም። ጋሼ ሁለቱን ጥቅሎች በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ፤ የእማማን ክር ደግሞ ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብል እማማ እጄን መቱኝ።

ያለቀን እጅጌ መተርተር የሚመስለው ነገር የለም። አንድ ሳምንት የፈጀው ሥራ አንድ ቡና ሳይፈላ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ቀለበት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ሲለቅ በጣት ይሰማል። ልጄ ክሩን እየጠቀለለ ረዳኝ። ያን ቀን ቁጥር አልጮኸብኝም።

ሹራቡ ነሐሴ 28 አለቀ። አባቴ ሲለብሰው እንደተፈራው ሰፋው፤ ወዲያው አውልቆ ጃኬቱን ለበሰና ሹራቡን ከላይ ደረበው። ልክ ሆነ። «ታስቦበት ነው የተሠራው» ብሎ ለጎረቤቱ ሲናገር ሰምቼ ዝም አልኩ።

ለእንቁጣጣሽ ልንጠይቀው ሄድን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ያንኑ ለብሶ። ልጄን ሊያቅፍ እጆቹን ሲዘረጋ ዓይኔ ሄዶ እጅጌው ላይ አረፈ። ድንበር የለም። ግን ከክርኑ በታች፣ ሠሪው ብቻ የሚያየው፣ ውሃ እንደነካው ሣር ስስ መስመር መስመር አለ።

«አባዬ፣ እስኪ አንዴ አውልቀው። እጅጌውን ወስጄ ላስተካክልልህ።»

ሁለቱን እጆቹን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ወሸቃቸው።

«አንቺ የመጣሽው ለበዓሉ ነው ወይስ ልትገፍፊኝ?» አለ።