ኪኒኑ ሲያቅተው

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አንድ አስገራሚ ሕክምና ጠቅሷል። ትኩሳት ቀን እየቆጠረ የሚመላለስበት ሰው ጠረጴዛ ላይ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ከዚያም የሚነዝር ዓሣ ከነሕይወቱ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረግበታል። በሽተኛው ክፉኛ ይሠቃያል፤ ትኩሳቱ ግን ሁለተኛ አይመለስም ይላል ጸሐፊው። ሉዶልፍ አገራችንን ረግጧት አያውቅም። ስለ እሷ የሚያውቀውን ብዙውን ነገር የተማረው ከአምሐራው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። የሚነዝረው ዓሣ በባሮም በኦሞም ወንዝ አለ፤ እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መልኩ ወደ አምባዛ ይሄዳል፤ ዝዋይ ዳር ተጠብሶ የሚቀርበው አምባዛ ግን ማንንም ነዝሮ አያውቅምና ተመጋቢው አይስጋ።

ያ ትኩሳት ወባ ሳይሆን አይቀርም። ወባ በዓሣ እንደማይድን ለአዳማና ለመተሐራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሆኖም በኤሌክትሪክ በሽታን የመግራት ሐሳብ ከሉዶልፍ ዘመን ጋር አልቀረም። ዛሬ በትክክል ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ከትኩሳት ይልቅ ለመንፈስ ሲሰጥ የኖረው ሕመም ነው፤ የሚጥል በሽታ፣ በኦሮምኛ ገገብዶ።

አዳማ መናኸሪያ ሰው ድንገት ሲወድቅ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግማሹ ይሸሻል፣ ግማሹ ይከባል፣ አንዱ «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ይላል። ክብሪቱ ተጭሮ ጭሱ አፍንጫው ሥር ይደረጋል፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሰውየው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። ክብሪቱ ግን ምንም አላደረገም። አብዛኛው የሚጥል ሕመም ማንም ሳይነካው ከአምስት ደቂቃ በፊት በራሱ ያቆማል።

በዚያች ደቂቃ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነው ነገር ራሱ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው። በጤናው ጊዜ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ሕመሙ ሲነሳ ግን በሺህ የሚቆጠሩት ባንድ አፍ ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ እጅን በሚያዘው ክፍል ከሆነ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንጎልን በሙሉ ከያዘ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ይህን ምልክት ከራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1924 ነው። ኢኢጂ የምንለው ምርመራ ከዚያ የመጣ ነው።

«ለጭንቅላት ኤሌክትሪክ» ሲባል ሰው ብዙ ነገር ስለሚቀላቅል እዚህ ላይ መለየት ይሻላል። ኢኢጂ ከአንጎል የሚወጣውን ያነባል እንጂ ወደ ውስጥ ምንም አይሰድም፤ ስለዚህ ልጁን «ኤሌክትሪክ ሊያስነኩብኝ ነው» ብሎ ከምርመራ የሚያሸሽ ወላጅ በከንቱ ይጨነቃል። በአእምሮ ሕክምና ለከባድ ድባቴ የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ በማደንዘዣ ሥር ሆን ብሎ አጭር መንቀጥቀጥ ያስነሳል። እዚህ የምናወራለት የእሱ ተቃራኒ ነው፣ መንቀጥቀጡ እንዳይነሳ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ ምት።

ይህን ምት ከሚሰጡት ሦስት መሣሪያዎች ብዙ ሰው የተገለገለበት የቬገስ ነርቭ ማነቃቂያው ነው። ቬገስ ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ የሚወርድ ረጅም ነርቭ ነው። ሐኪሙ በግራ ደረት ላይኛው ክፍል ከቆዳ ሥር ባትሪ ያለው መሣሪያ ይቀብራል፤ ስፋቱ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፣ ውፍረቱ ግማሹን ያህል ነው። ከመሣሪያው ቀጭን ሽቦ ወደ አንገት ይወጣና በግራው ቬገስ ላይ ይጠመጠማል። ግራው የሚመረጠው የቀኙ የልብን ምት ከሚያዘው ቦታ ጋር ይበልጥ ስለሚገናኝ ነው። የራስ ቅል አይከፈትም። ይህ ብዙ ቤተሰብን የሚያረጋጋ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሌት ተቀን ይሠራል። በተለመደው አሠራር 30 ሰከንድ ምት ይሰጣል፣ 5 ደቂቃ ያርፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ኃይሉ በሩብ ሚሊአምፒር ተጀምሮ በየቀጠሮው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊአምፒር ላይ ይረጋል። ታካሚው ንዝረቱ አይሰማውም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው በድምፁ ላይ ነው። ምቱ ሲጀምር ድምፅ ይጎረናል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አንዳንዱን ያስለዋል። በቤተ ክርስቲያን ለሚዘምር ወይም ገበያ ላይ ተጣርቶ ለሚሸጥ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ማግኔቱ ነው። ለታካሚው በእጅ የሚታሰር ማግኔት ይሰጠዋል። ሕመሙ ሊነሳ ሲል የሚታወቀው ሰው ማግኔቱን ደረቱ ላይ አንድ ጊዜ ሲያሳልፈው መሣሪያው ተራውን ሳይጠብቅ ተጨማሪ ምት ይሰጣል። ራሱ ካልቻለ እናት፣ ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ ሊያደርግለት ይችላል። ክብሪት ፍለጋ ይሯሯጥ የነበረው ሰው አሁን በእርግጥ የሚሠራው ነገር አገኘ ማለት ነው። ማግኔቱን እዚያው ይዞ ማቆየት ግን መሣሪያውን ያስቆመዋልና ቤተሰቡ ልዩነቱን መለማመድ አለበት።

መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በ1997 ፈቀደው። ውጤቱን ሳያጋንኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ከተተከለላቸው ግማሽ ያህሉ ሕመሙ የሚነሳበት ጊዜ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንስላቸዋል፤ ጨርሶ የሚተዋቸው ጥቂት ናቸው። ኪኒኑም አይቆምም። በወር አሥር ጊዜ መውደቅ ወደ አራት ቢወርድ ከእሳትና ከድስት ጋር ለምትውል ሴት ትርፉ ግልጽ ነው፤ «ዳንኩ» የሚያስብል ግን አይደለም።

ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ጭንቅላት ውስጥ ይገባሉ። አንደኛው ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል መናኸሪያ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ይሰዳል፤ 110 ሰዎች የተሳተፉበት ዋናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል፣ የአሜሪካ ፈቃድም በ2018 መጣ። ሁለተኛው ይበልጥ ብልህ ነው። ራስ ቅል ላይ ተገጥሞ የአንጎልን ምልክት ሁልጊዜ ያዳምጣል፤ ጩኸቱ ሊጀምር ሲል ብቻ እዚያው ምንጩ ላይ ምት ይሰጣል። የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ በትክክል ካልታወቀ ይህን መትከል አይቻልም፤ ለማወቅ ደግሞ ጥሩ ኤምአርአይ፣ ለቀናት የሚዘልቅ ኢኢጂና የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለባቱ፣ ለሞጆ፣ ለወንጂ ሰው ምኑ ነው? እንደ እኔ ከሆነ መልሱ ከመሣሪያው ዋጋ አይጀምርም፤ ምንም እንኳ ዋጋው ከቀዶ ሕክምናው ጋር በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ቢሆንም። መሣሪያው የተሠራው መድኃኒት ለከሸፈበት ሰው ነው። የሐኪሞቹ መለኪያ ግልጽ ነው፤ በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው ሕመሙ ካልቆመ መድኃኒት አልበገረውም ይባላል። ከታማሚዎች ሲሶው ያህል እዚህ ይገባል። እኛ ዘንድ ግን ብዙው ሰው መድኃኒት አልከሸፈበትም፤ መጀመሪያውኑ አልደረሰውም።

ይህን በቁጥር ያሳዩን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፕሮፌሰሩን የስምጥ ሸለቆ ሰው በሌላም ሥራቸው ሊያውቃቸው ይገባል፤ የወንጂ ሸዋ ስኳር ሠራተኞችን ጥርስ ያበላሸውና ወገብ ያጎበጠው የውኃው ፍሎራይድ መሆኑን አጥንተዋል። የሚጥል በሽታን ደግሞ በሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት ፈለጉት። እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 ታማሚ አገኙ፤ ከሺህ አምስት መሆኑ ነው። በታወቀ መድኃኒት ሲታከሙ የተገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አምስት ሰው ያህል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የነርቭ ስፔሻሊስቶችን እያሠለጠነ ነው፤ የሚጥል በሽታም በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲታከም ተሠርቶበታል። ዋናው መድኃኒት ግን አሁንም ፌኖባርቢታል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ያለው ርካሽ ኪኒን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታማሚዎች እስከ 70 በመቶው በተገቢው መድኃኒት ብቻ ሕመሙ ሊቆምላቸው ይችላል። ኪኒኑን ግን በየቀኑ መዋጥ ይፈልጋል። ለጠበል ሲሄዱ፣ ለጾም ሲሉ ወይም መድኃኒት ቤቱ ስለጨረሰ ድንገት ማቆም ሳያባራ የሚደጋገም ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል። ጠበሉንም ኪኒኑንም አብሮ መያዝ የሚከለክል ሐኪም አላውቅም።

ኪኒኑን በሥርዓቱ እየወሰደ የሚወድቅ ሰው ካለ ከጤና ጣቢያ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም ወደ አሰላ፣ ከዚያም የነርቭ ሐኪም ወዳለበት ሪፈር ይጠይቅ። ይዞት የሚሄደው ትልቁ ማስረጃ ስልኩ ውስጥ ነው። ሕመሙ ሲነሳ አንዱ ሰውየውን በጎኑ ያስተኛው፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አይክተት፤ ሌላው በስልክ ይቅረጽ፣ መጀመሪያ ፊቱንና ዓይኑን፣ ቀጥሎ የትኛው እጅ ቀድሞ እንደጀመረ፣ ሰዓቱም ይታይ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ቀረጻው ቀርቶ መኪና ይፈለግ።