ትንተናዊ አስተሳሰብ፣ እምነትና ጥርጣሬ፦ ከጎንደር ጉባኤ ቤት እስከ ቋራ ቆላ

ሰው ነገርን መርምሮና ተንትኖ የማሰብ ልማዱ በጎለበተ ቁጥር ሃይማኖታዊ እምነቱ ይላላል ወይ የሚለው ጥያቄ በፈላስፎች ዘንድ ዘመናት ያስቆጠረ ቢሆንም፣ በቤተ ሙከራ መፈተን የጀመረው ግን በቅርቡ ነው። ዊል ጀርቬስና አራ ኖረንዛያን የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ትንተናዊ አስተሳሰብ፣ ማለትም ቀድሞ ወደ አእምሮ የመጣውን መልስ ገትቶ ደረጃ በደረጃ የመመርመር ልማድ፣ እምነትን እንደሚያዳክም ገለጹ። ከመለኪያዎቻቸው አንዱ ሼን ፍሬድሪክ በ2005 ያሳተመው አጭር ፈተና ሲሆን፣ የጥያቄው ዓይነት ወደ አገራችን ዕቃ ሲመለስ እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፦ ጀበናና ሲኒ በአንድነት 110 ብር ቢያወጡ፣ ጀበናው ከሲኒው በ100 ብር ቢበልጥ፣ የሲኒው ዋጋ ስንት ነው? ብዙ ሰው ፈጥኖ 10 ብር ይላል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 5 ብር ነው።

ጥናቱ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ቢናኝም መሠረቱ ብዙ አልቆየም። በአንደኛው ሙከራ ተሳታፊዎች ሮዳን የቀረጸውን፣ አገጩን በእጁ ደግፎ የሚያስበውን ሰው ሐውልት ምስል እንዲያዩ ተደርጎ፣ በዚህ ብቻ እምነታቸው ቀነሰ ተብሎ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች በ2017 ብዙ ሰዎችን አሳትፈው ሲደግሙት ያው ውጤት አልተገኘም። ጀርቬስ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር በ2018 በ13 አገሮች ባካሄደው ጥናት በትንተናና በአለማመን መካከል ያለው ዝምድና ደካማና ከአገር አገር የሚለያይ መሆኑን አሳየ። ይህ ሊያስገርም አይገባም፤ መጀመሪያውኑ የጥናቱ መላ ምት እምነት ሁሉ ከቅጽበታዊ ግንዛቤ እንደሚመነጭና ትንተና ከውጭ መጥቶ እንደሚያፈርሰው አድርጎ ያስባልና።

በጎንደር ግን የትንተና ትምህርት ቤቱ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቅኔ የሚማር ተማሪ በአንድ ቃል ውስጥ ሰምና ወርቁን ለይቶ ማውጣትን ይለማመዳል፤ ወደ ትርጓሜ ቤት ሲገባ ደግሞ አንድምታን ያገኛል። አንድምታ ለአንድ የመጽሐፍ ንባብ «አንድም» እያሉ ልዩ ልዩ ፍቺዎችን ጎን ለጎን የሚያኖር የአተረጓጎም ስልት ሲሆን፣ መምህራኑ እርስ በርስ የሚለያዩ ፍቺዎችን ሳይቀር ይዘው ያስተላልፉ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን የነበሩት መምህር ኤስድሮስ የጀመሩት ታች ቤት ከነባሩ ላይ ቤት ተለይቶ መውጣቱም፣ በዚያ ጉባኤ መለያየት እንደ ክህደት ብቻ እንዳልታየ ያመለክታል።

ትንተናው ከጉባኤ ቤቱ አጥር ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ነው። በጣና አቅራቢያ ባለችው እንፍራንዝ እንደተጻፈ የሚነገርለት ይህ የግእዝ ጽሑፍ፣ በ1592 በኢትዮጵያ አቆጣጠር አክሱም አቅራቢያ የተወለደ አንድ የቤተ ክህነት ምሁር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊክና ከኦርቶዶክስ ጠብ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ እንደኖረ ይተርካል። ባለታሪኩ የሁሉም ወገን መምህራን እውነቱ በእጃችን ነው እንደሚሉ አይቶ፣ ዳኛ አድርጎ የመረጠው ፈጣሪ ለሰው የሰጠውን ልቡና ነው። በዚህም ሚዛን የምንኩስናን ድንግልና፣ የጾምን ሥርዓትና ከአንድ በላይ ማግባትን ነቅፏል፤ ነገር ግን የእግዚአብሔርን መኖር አልካደም፣ መዝሙረ ዳዊት መጸለይንም አልተወም። ጥርጣሬው ያነጣጠረው ሰዎች በእግዚአብሔር ስም በተናገሩት ላይ ነው።

ጽሑፉ በእርግጥ የማን ነው የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም። ቅጂውን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ነበር፤ ምሁሩ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል፣ ክላውድ ሳምነር በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራከረ። ክርክሩ ለታሪክ ጸሐፊ ከባድ ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ ግን ወሳኝ አይደለም፤ ማንም ይጻፈው፣ ጽሑፉ ምርመራና አምልኮ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አድርጎ አቅርቧል።

ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ ሥጋና ደም የሚለብሰው ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ ነው። በመተማና በቋራ የሰሊጥ እርሻ ወቅት ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ከወባ ሌላ ካላዛር ያገኛቸዋል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ረጅም ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ የሚያስከትል፣ ካልታከመም የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ባለበት ሰው ላይ ይበልጥ ይበረታል። በዚያው ምድር ሕሙማን ከሩቅ የሚመጡባቸው ጸበሎች አሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው በሽታው ከዝንቡ እንደመጣ እያወቀ ፈውሱን ከእግዚአብሔር ቢጠብቅ እንግዳ ነገር አይሆንም። ክሪስቲን ሌጋርና ሱዛን ጌልማን በ2008 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ አፍሪካ ያገኙት ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ስለ ኤድስ የተጠየቁ ሰዎች የቫይረሱን ማብራሪያ እያወቁ የጥንቆላውንም አልጣሉም፤ በሽታው እንዴት መጣ ለሚለው አንዱን፣ ለምን እኔን መረጠ ለሚለው ሌላውን ያቀርባሉ።

አደጋው የሚመጣው ጸበልተኛው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ ሲነገረው ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማሳሰባቸው፣ ምእመኑ ጸበሉን ሳይጠራጠር መድኃኒት ተው የሚለውን ሰው ግን እንዲጠራጠር ፈቃድ ሰጥቶታል።