ክፍያ የሌለውን ኮሌጅ የሸጠልን ደላላ

ታናሽ ወንድሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ከመጣ ጀምሮ ስልኩን ከእጁ ማስቀመጥ ትቷል። አንድ ማታ የቴሌግራም መልዕክት አሳየኝ፦ «ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ አሜሪካ፣ አርባ ሺህ ብር ብቻ!» ደላላው የኮሌጁን ስም ሳይቀር ጽፏል፦ ቤርያ፣ ኬንታኪ። እማዬ ደግሞ ዕቁብ ቀድሞ እንዲደርሳት ሰብሳቢውን ለመለመን ተነሥታለች።

«እስቲ አንድ ቀን ስጡኝ» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ቤርያ በአፓላቺያ ተራሮች ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ የመጣው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው። ኮሌጁን ጆን ፊ የተባለ ሰባኪ በ1855 ሲመሠርት ኬንታኪ ውስጥ ሰው ይሸጥ፣ ይለወጥ ነበር። እሱ ግን ሰው ሁሉ ከአንድ ደም ነው የሚለውን የዚያኑ ምዕራፍ ሐሳብ ይዞ ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት አብረው ይማሩ አለ። በ1859 የባርነት ደጋፊዎች እሱንና ባልደረቦቹን ከአካባቢው አባረሯቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተመልሰው በ1866 ሲያስተምሩ ግማሽ ያህሉ ተማሪ ጥቁር ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በ1904 የኬንታኪ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል እንዳይማሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ኮሌጁ ከሰሰ፤ በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደበት። ጥቁር ተማሪዎች ዳግም መግባት የቻሉት ሕጉ በ1950 ሲሻሻል ነው። የጥቁሮችን ታሪክ በማስተማር ስሙ የሚነሣው ካርተር ዉድሰን ከዚህ የተመረቀው በ1903 ነበር። አንድ ዓመት ቢዘገይስ?

ወደ አርባ ሺህ ብሩ ልመለስ። ቤርያ ለትምህርት ክፍያ መጠየቅ ያቆመው በ1892 ነው! ወጪውን የሚሸፍነው ለዘመናት ከተጠራቀመ ሀብቱና ከለጋሾች ነው። ተማሪ ሁሉ ግን፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። አንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ እርሻ፣ አንዱ ሽመና፣ አንዱ መጥረጊያ መሥሪያ ቤት ይመደባል።

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምኑን ነው የሚሸጥልህ?» አልኩት ወንድሜን።

ዝም አለ። ቆይቶ «መጥረጊያ ልሠራ ነው እንዴ አሜሪካ የምሄደው?» ሲል እማዬ ከጓዳ «እዚህስ አንሥተህ ታውቃለህ?» አለችው።

እንዳትሳሳቱ፣ መግባቱ ቀላል አይደለም። ከውጭ አገር የሚቀበሉት ጥቂት ነው፤ አመልካቹ ደግሞ ከየአገሩ ይጎርፋል። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ማመልከቻው ግን በኮሌጁ በራሱ ድረ ገጽ፣ በተማሪው በራሱ እጅ የሚሞላ ነው። ደላላ መሐል የሚገባበት ቦታ የለውም።

ደላላው «ዛሬ ካልከፈልክ ቦታው ያልፍሃል» ብሎ ሲጽፍ ወንድሜ ብሎክ አደረገው። እማዬም ዕቁቧን በተራዋ ትጠብቃለች። አሁን የቀረው ስለ ራሱ የሚጽፈው ድርሰት ነው፤ ትናንት ማታ ሳየው የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ለአራተኛ ጊዜ እያጠፋ ነበር።