ስለ ጎማ ነፋስ መለኪያ አመራረጥ

ባለ እርሻዎችና የወረዳ ሹማምንት ለትራክተር ነዳጅና ለመለዋወጫ ብዙ ገንዘብ ሲያወጡ፥ ዋጋዋ ትንሽ የሆነችውን የጎማ ነፋስ መለኪያ ግን ችላ ማለት የተለመደ ነው። በሐሰተኛ ሚዛን እህሉን የሚሸጥ ሰው ጉዳቱን በዚያው ቀን አያውቀውም፤ በሐሰተኛ መለኪያ የሚሠራም እንዲሁ ጉዳቱን የሚያየው ጎማው ከተሰነጠቀና መሬቱ ከጠጠረ በኋላ ነው።

የትራክተር ጎማ በእርሻ ላይ የሚፈልገው የነፋስ ኃይል እንደ ጎማው ዓይነትና እንደ ሸክሙ ቢለያይም፥ ብዙውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.6 ባር ነው። (1 ባር 14.5 ፓውንድ ይሆናል።) የከባድ ጭነት መኪና ጎማ ግን 7 ወይም 8 ባር ይፈልጋል። በትራክተር ጎማ ነፋሱ ከመጠን ሲያልፍ፥ ጎማው መሬቱን በጠባብ ስፍራ ይረግጣልና አፈሩ ይጠጥራል፤ የጠጠረ አፈርም ዝናቡን አያሰርግም፥ የአዝመራውንም ሥር አያሳልፍም። ነፋሱ ሲያንስ ደግሞ የጎማው ጎን እየታጠፈ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ መታየት የሚገባው በመለኪያው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ቁጥር ነው። ብዙውን ጊዜ የመሣሪያው ስሕተት የሚታሰበው ከዚህ ቁጥር ነውና። እስከ 10 ባር የሚለካ፥ ከመቶ 3 የሚሳሳት መሣሪያ 0.3 ባር ይሳሳታል። ይህ ለ8 ባር ጎማ ጥቂት ነው፤ ለ1 ባር የትራክተር ጎማ ግን ሲሶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። እስከ 2 ባር ብቻ የሚለካው ግን በዚሁ ሒሳብ ስሕተቱ 0.06 ባር ብቻ ነው። እንግዲህ የመጨረሻው ቁጥር ከሚፈለገው ኃይል እጥፍ ያህል ይሁን፤ ለትራክተርና ለጭነት መኪናም መለኪያው የተለያየ ይሁን።

በብዛት የሚገኙት መለኪያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ እርሳስ ያለ፥ በሞላ የሚሠራ ነው፤ ርካሽ ሲሆን አቧራ ሲገባበት ዘንጉ ይያዛል። ሁለተኛው እንደ ሰዓት ቀስት ያለው ነው፤ በውስጡ ያለው የታጠፈ ቧንቧ በነፋሱ ኃይል ሊቃና ሲል ቀስቱን ያዞራል። ይህን አሠራር ፈረንሳዊው ኤዤን ቡርዶን በ1849 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በስሙ አስመዝግቦታል። ከወደቀ ግን ቧንቧው ሊጣመም ይችላል። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራ ነው፤ ለማንበብ ይቀላል፥ ነገር ግን ቁጥሩ እስከ ነጥብ ስለ ተጻፈ ብቻ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም።

ገዢው ከመክፈሉ በፊት አንዱን ጎማ ሦስት ጊዜ ይለካበት። ቁጥሩ ከተለያየ፥ ወይም ቀስቱ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ፥ ወይም አፉ ከቫልቩ ጋር ሳይገጥም ነፋስ ካፈሰሰ አይግዛው።

ጎማ የሚለካው በማለዳ፥ ሳይነዳና ሳይሞቅ፥ በሥራው ስፍራ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የተሞላ ጎማ ወደ መተማ ቈላ ቢወርድ፥ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፥ በውጭ ያለው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ከ0.15 ባር በላይ አሳንሶ ያሳያል። ይህ የመሣሪያው ሐሰት አይደለምና እዚያው እንደ ገና ለክቶ ማስተካከል ይገባል።

በመጨረሻም፥ በየወረዳው በባለሙያ የተፈተነ አንድ መለኪያ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ፤ ለዕለት ሥራም አይዋል። የሌሎቹ ሁሉ እውነተኛነት ከእርሻ ወራት በፊት ከእርሱ ጋር እየተመሳከረ ይታወቅ፤ የተሳሳተውም ከሥራ ይወገድ።