ሒሳቡን ችላለች፤ ይቅርታ መጠየቁንስ?

ባለፈው ክረምት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከአምስት ጓደኞቿ ጋር በኦንላይን ሒሳብ ትማር ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ 11 ሰዓት ሲሆን የእኔን ላፕቶፕ ይዛ ሳሎን ትቀመጣለች። ቀድሜ ከሥራ በገባሁባቸው ቀናት ወጥ እየሠራሁ የአስጠኚዋን ድምፅ እሰማለሁ። ልጄ ጥያቄ ስትመልስ «ገንዘቤ በከንቱ አልወጣም» እላለሁ።

አንድ ምሽት አብሯት የሚማር የአንድ ልጅ እናት ደወለችልኝ። ልጇ «ከእንግዲህ አልማርም» ብሎ እያለቀሰ ነበር። አስጠኚዋ ጠይቃው ተሳስቶ ሲመልስ፣ ልጆቹ በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ የሚሳለቁ ስቲከሮች አዘነቡበት። የመጀመሪያውን ስቲከር የላከችው የእኔ ልጅ ናት።

ጠርቼ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ እኔ ምንም አላልኩትም እኮ! ስቲከር ብቻ ነው የላክሁት» አለችኝ። እየዋሸችኝ አልነበረም። የልጁ ካሜራ ዝግ ስለነበር ፊቱ ሲለዋወጥ አላየችም። ክፍል ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ፣ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አይታ ሳቋን ትውጠው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በፕሮግራሙ ላይ ያልተጻፈው ትምህርት

ትምህርት ቤት ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ሌላ ብዙ ነገር ያስተምራል። ተራ መጠበቅን፣ እርሳስ መዋስንና መመለስን፣ በእረፍት ሰዓት ተጣልቶ ደወል ሳይደወል መታረቅን ልጆች የሚማሩት እርስ በርሳቸው ነው። ለዚህ የተመደበ ክፍለ ጊዜ የለም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ብዙዎቻችን ከኦንላይን ትምህርት ጋር የተዋወቅነው መምህራን በቴሌግራም በሚልኩት ወርክሺት ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ቢከፈቱም ልማዱ አልቀረም። ዛሬ የቋንቋ፣ የኮምፒውተርና የማጠናከሪያ ትምህርት በዙምና በጎግል ሚት የሚከታተሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ትምህርቱ ወደ ስክሪኑ ሲመጣ ግን የእረፍት ሰዓቱ አብሮ አልመጣም።

በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተውና በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠራው ካስል የተባለ ድርጅት፣ ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎቶችን በአምስት ይከፍላቸዋል። እነዚህም ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው ጋር መግባባትና ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ መወሰን ናቸው።

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ውጤቱስ?» ለሚል ወላጅ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመውና 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችን የገመገመው ይህ ጥናት ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ነው። እነዚህን ክህሎቶች በትምህርት መልክ ያገኙ ልጆች ጠባያቸው ከመሻሻሉም በላይ፣ በትምህርት ውጤታቸው ካላገኙት በ11 ፐርሰንታይል በልጠው ተገኝተዋል። ጥናቱ የተሠራው በአካል በሚሰጥ ትምህርት ላይ ነው። በስክሪን ሲሆን ደግሞ ይበልጥ አስበን ካልሠራንበት በራሱ የሚመጣ ነገር የለም።

እኛ ምን ቀየርን?

ከዚያ ምሽት በኋላ ወላጆችና አስጠኚዋ ተነጋገርን። ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አላደረግንም።

*የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች።* ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ቀኑ እንዴት እንደዋለ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣል፤ ከፈለገም ምክንያቱን ይናገራል። «ዛሬ 2 ነኝ» ያለን ልጅ አስጠኚዋ በዚያ ቀን ቀስ ብላ ትይዘዋለች፤ ጓደኞቹም ያውቁለታል።

*ሁለት ሁለት ሆኖ መሥራት።* ዙም ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድኖች መክፈል ያስችላል። ልጆቹ ሲመለሱ የሚያስረዱት የራሳቸውን ሳይሆን የጓደኛቸውን አሠራር ነው። ያን ለማድረግ ደግሞ ማዳመጥ ግድ ይላል።

*ልጆቹ ያወጡት ሕግ።* «ሰው ሲሳሳት ስቲከር አይላክም። ያስቀየመ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በድምፅ ነው።» እኛ ብናወጣው ይህን ያህል የሚያከብሩት አይመስለኝም።

*መብራት ሲጠፋ።* ኔትወርክ ወይም መብራት የጠፋበት ልጅ ሲመለስ፣ ያመለጠውን የሚነግረው ተረኛ ጓደኛው ነው። የሁላችንም ራስ ምታት የሆነው ነገር ልጆቹን መተሳሰብ አስተማራቸው።

*ካሜራ።* ማንም አይገደድም። ቤቱ እንዲታይ የማይፈልግ፣ ዳታ የሚቆጥብም አለ። ሰላም ሲባባሉና ሲሰነባበቱ ግን የቻለ ሁሉ ይከፍታል።

የቤታችን ድርሻ

ከካሜራው ጀርባ ቆመን መልስ የምናንሾካሹክ ወላጆች አለን፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ልጁ መልሱን ያገኛል፤ ተሳስቶ መነሳትን ግን አይማርም። ትምህርቱ ሲያልቅም ጥያቄያችን «ስንት አገኘሽ?» ብቻ ባይሆን ጥሩ ነው። «ዛሬ ማንን ረዳሽ? ዝም ያለ ልጅ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ሲመቸን ደግሞ ልጆቹን በአካል እናገናኛቸው። በስክሪን የተጀመረ ጓደኝነት አብሮ መሮጥና አብሮ መብላት ያስፈልገዋል።

ልጄ መጀመሪያ ላይ «በቴሌግራም ይቅርታ ልጻፍለት» ብላኝ ነበር። እሺ አላልኳትም። ቅዳሜ ዕለት ወደ ልጁ ቤት ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ እጄን አጥብቃ ይዛ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ድምፅዋ እየተቆራረጠ «ይቅርታ» አለችው። እሱ ምንም አልመለሰላትም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ግቢ ውስጥ ኳስ ሲራገጡ ሰማናቸው።

ልጁ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ካሜራውን አሁንም ብዙ ጊዜ አይከፍትም። በቀደም ግን ተሳስቶ ሲመልስ ጆሮዬን ወደ ሳሎን ጣልኩ። ማንም አልሳቀም። አስጠኚዋ «ማን ያግዘው?» ስትል የልጄን ድምፅ ሰማሁ። «ቆይ ቲቸር፣ ራሱ ይሞክር፤ ሊደርስበት ነው።»

የዚያን ዕለት ስንት እንዳገኘች አልጠየቅኋትም።